ወረርሽኝና ማኅበራዊ ሚዲያ፦ ተረትና እውነታ

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና መሰሎቻቸው በወረርሽኝ ጊዜ ሕይወት አድን ማስጠንቀቂያም ያደርሳሉ፣ ገዳይ ወሬም ያዛምታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም፣ የሐሰት መረጃ ከኮቪድ-19 ቫይረስ በፈጠነ ሁኔታ እንደሚዛመት በየካቲት 2012 ዓ.ም. አስጠንቅቀው ነበር። ስለ እነዚህ መገናኛዎች ሚና ግን የተዛቡ አመለካከቶች አሉ።

ተረት፦ በወረርሽኝ ጊዜ ማኅበራዊ ሚዲያ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።
እውነታው፦ በቻይና የዉሃን ከተማው የዓይን ሐኪም ሊ ዌንልያንግ ሳርስ የሚመስል በሽታ መታየቱን ጠቅሶ፣ አብረውት የተማሩ ሐኪሞች እንዲጠነቀቁ ዊቻት በተባለው የመልእክት መተግበሪያ የጻፈው ታኅሣሥ 20 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ፖሊስ ጠርቶ ገሠጸው፤ እሱም በዚያው በሽታ፣ በኮቪድ-19፣ ተይዞ ጥር 29 ቀን አረፈ። በኢትዮጵያም መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ በኋላ የየዕለቱ የምርመራ ውጤት በጤና ሚኒስቴር የፌስቡክና የትዊተር ገጾች ይወጣ ነበር፤ ነፃ የስልክ መስመሮቹ 8335 እና 952ም በዚያው ይተዋወቁ ነበር።

ተረት፦ ሐሰትን የሚያዛምቱት ቦቶች (በራሳቸው መልእክት የሚለቁ ፕሮግራሞች) ናቸው።
እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምሯል። ሐሰተኛ ዜና መልሶ የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ቦቶቹ ከስሌቱ ሲወጡም ውጤቱ አልተለወጠም። አዲስና አስገራሚ ነገር አይቶ ለሌላው የሚያጋራው ሰው ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወዳጅ ዘመዱን ለመርዳት በቅን ልቦና ያደርገዋል።

ተረት፦ የቤት ውስጥ መድኃኒት ባይጠቅምም አይጎዳም።
እውነታው፦ በ2006 ዓ.ም. ክረምት ኢቦላ ናይጄሪያ ሲገባ፣ ጨው በበዛበት ውኃ መታጠብና ውኃውን መጠጣት ይከላከላል የሚል ምክር በስልክ መልእክትና በማኅበራዊ ሚዲያ ተዛመተ፤ ጨው አብዝተው የወሰዱ ሰዎች ሞቱ። በ2012 ዓ.ም. በኢራን፣ አልኮል ኮሮናን ይገድላል የሚለውን ወሬ ያመኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ጠጥተው ሕይወታቸው አልፏል። ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከኮቪድ እንደሚከላከል ማስረጃ አልተገኘም። በእሱ ተማምኖ ርቀትን አለመጠበቅ ወይም ሕክምናን ማዘግየት ግን ጉዳት አለው።

ተረት፦ መፍትሔው ኢንተርኔቱን መዝጋት ነው።
እውነታው፦ ሲዘጋ ከሐሰቱ ጋር እውነቱም ይቋረጣል። በምዕራብ ኦሮሚያ ለወራት ተቋርጦ የነበረው የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት የተመለሰው በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ከተገኘ በኋላ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እስከዚያ የአካባቢው ነዋሪዎች በነፃ የስልክ መስመሮቹ መጠቀም አይችሉም ነበር።

ተረት፦ ሐሰትን ማስተባበል ይበልጥ ያስፋፋዋል።
እውነታው፦ ይህ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ማስተባበያው እንዲሠራ አስቀድሞ እውነቱን መናገር፣ ወሬው ስለምን ስሕተት እንደሆነ ማስረዳት፣ በምትኩም ምን ማድረግ እንደሚገባ ማሳየት አለበት። ከማጋራት በፊትም የመልእክቱን ምንጭና ቀን ማጣራት፣ ምንጩ ያልታወቀውንም እዚያው ማስቆም የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ድርሻ ነው።