እናትየዋን ልብ በሉልኝ

በእኛ አገር አንድ ፊልም «ካርቱን ነው» ከተባለ ነገሩ አበቃ። ለልጆች ይከፈታል፤ ትልቅ ሰው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እዚህ ዱመርሶ የቡና ለቀማ ሲደርስማ ይብሳል። ቤተሰቡ ከማሳ ወደ ቡና ማጠቢያ፣ ከቡና ማጠቢያ ወደ ማሳ ሲመላለስ ውሎ ማታ ደክሞት ሲገባ፣ ልጆቹ ዝም እንዲሉ ስልክ ይሰጣቸዋል። ስልኩ ላይ ያለው ዲላ ላይ በጅምላ የተጫነ የካርቱን ክምር ነው። በደከመ ሰው አልፈርድም። የሚያንገበግበኝ «ዘ ኢንክሬዲብልስ»ን የመሰለ ፊልም እዚያ ክምር ውስጥ ተቀላቅሎ፣ አንድ ትልቅ ሰው እንኳ አረፍ ብሎ ሳያየው የልጅ ማባበያ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ ልናገር። ፊልሙ የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ነው። የሠራው ፒክሳር፣ የጻፈውና ያዘጋጀው ብራድ በርድ ነው። ሁለት ኦስካር ወስዷል። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ይቀሩታል። ታሪኩ ልዕለ ኃይል ያላቸው ጀግኖች በሕግ ታግደው እንደ ማንኛውም ሰው ተደብቀው በሚኖሩበት ዘመን የፓር ቤተሰብ የገጠመውን ይተርካል። አባትየው ቦብ ግንብ የሚደረምስ ጉልበት ይዞ ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ጠባብ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ይውላል። እናትየዋ ሄለን እንደ ላስቲክ ትለጠጣለች። የ14 ዓመቷ ቫዮሌት መሰወርና በኃይል የተሠራ ጋሻ መዘርጋት ትችላለች። የ10 ዓመቱ ዳሽ ሲሮጥ ዓይን አይከተለውም። ሕፃኑ ጃክ ጃክ ምን እንደሚችል ገና አልታወቀም። አባትየው የድሮ ዝናው ናፍቆት በድብቅ ወደ አንዲት ደሴት ይሄዳል፤ እዚያም ሲንድሮም የሚባል ቂመኛ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። የቀረው ቤተሰብ እሱን ፍለጋ ይወጣል።

እያንዳንዱ ኃይል በቤት ውስጥ ካለው ቦታ ጋር ገጥሞ የተሰጠ መሆኑን ስለ ፊልሙ የጻፈ ሁሉ ብሎታል። አባት ጠንካራ እንዲሆን ይጠበቅበታል፤ እናት በየአቅጣጫው ትሳባለች፤ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ማንም ባያያት ትወዳለች፤ ወንዱ ልጅ አንድ ቦታ አይቀመጥም። እውነት ነው፣ ያምራል፤ በዚህ ብዙ አልቆይም።

የምቆየው ብዙ ሰው ተሳስቶበት ባየሁት ነገር ላይ ነው። ፊልሙን አይተናል የሚሉት ሳይቀሩ «የአባትየው ታሪክ ነው» ይላሉ። ፖስተሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው፤ የሲንድሮምን ሮቦት መጀመሪያ የሚገጥመውም እሱ ነው። እኔ ግን የፊልሙ ልብ ያለው እናትየዋና ሴት ልጇ መካከል ነው እላለሁ። ማስረጃዬ አውሮፕላኑ ነው።

አውሮፕላኑን እናስታውስ። ሄለን ባሏን ፍለጋ በተዋሰችው ጄት ብቻዋን ትበራለች፤ ብቻዋን መሆኗን ነው የምታውቀው። ሁለቱ ልጆች ተደብቀው መሳፈራቸውን የምትደርስበት መሬት ከለቀቀች በኋላ ነው። ገና ተቆጥታ ሳትጨርስ ከደሴቲቱ ሚሳኤሎች ይተኮሱባታል። ያን ጊዜ ድምፅዋን ስሙ። መጀመሪያ እንደ ሠለጠነ አብራሪ በሬዲዮ ሥርዓት ትናገራለች፤ የጥሪ ስሟን ትሰጣለች፤ ተኩሱን እንዲያቆሙ ትጠይቃለች። ማንም አይመልስላትም። ሚሳኤሎቹ እየቀረቡ ሲመጡ የአብራሪው ቋንቋ እየሳሳ ይሄድና እናትየዋ ትወጣለች፤ ልጆች ተሳፍረዋል ብላ ትለምናለች። በዚያ መካከል ዞራ ቫዮሌትን አውሮፕላኑን በጋሻሽ ሸፍኚው ትላታለች። ልጅቷ ያን ያህል ትልቅ ጋሻ ሠርታ አታውቅም። ትሞክራለች። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። እንደገና ትሞክራለች፣ አይሆንም።

አውሮፕላኑ ይፈነዳል። ከመፈንዳቱ በፊት ባለችው ቅጽበት እናትየዋ ሰውነቷን ለጥጣ ሁለቱን ልጆቿን ትጠቀልላቸዋለች። ከዚያ ሦስቱም ባዶ ሰማይ ውስጥ ቁልቁል ይወድቃሉ፤ ራሷን ስታ ትነቃና ገላዋን እንደ ፓራሹት ትዘረጋዋለች። ባሕሩ ላይ ሲያርፉ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ልንሞት ነው ይላሉ። እሷም ካልተረጋጋችሁ ለአንድ ወር ከቤት መውጣት ክልክል ነው ብላ ታስፈራራቸዋለች። ሚሳኤል ያመለጠች ሴት በእናት ቅጣት ታስፈራራለች! ቀጥላ ጀልባ ትሆናለች፤ ዳሽ እግሩን እንደ ሞተር እያሽከረከረ ደሴቲቱ ድረስ ይገፋቸዋል።

ይህን ክፍል ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር አይቼዋለሁ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ከጌዴኦኛ ሌላ የሚናገሩት ትንሽ አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ቃሉንም አይሰሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ማድረቂያ አልጋ ዳር ቆመው ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው። የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ ነበር፤ ሚሳኤሉ ሲመጣ ግን በቆሙበት ቀሩ። ሲፈነዳ ደረታቸውን ያዙ። ሦስቱ መትረፋቸውን ሲያዩ ተንፍሰው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ ለምን አቃታት?»

«ከዚህ በፊት ያን ያህል ሠርታ ስለማታውቅ ነው፣ እማማ። ቤት ውስጥ ተከልክላ ነው የኖረችው።»

«ማን ከለከላት?»

«እናቷ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ልጅቷን ምን ትላታለች! እኔ ልጆቼን አልጋው ዳር ያስቆምኳቸው ቡናው ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ነው እንዴ? ትንሽ ሲሆን ነው እጅ የሚፍታታው።»

ከዚህ የተሻለ የፊልሙ ትንታኔ አላነበብኩም። ሄለን ክፉ እናት አይደለችም። ሕጉ ከልክሏል፤ ቤተሰቡ በተነቃበት ቁጥር ጓዙን ጠቅልሎ ከተማ ቀይሯል፤ ስለዚህ ልጆቿን ችሎታቸውን እንዲደብቁ አሳደገች። ዳሽን ሩጫ ውድድር ከለከለችው፤ ቫዮሌትን እራት ጠረጴዛ ላይ ጋሻ ስትዘረጋ ተቆጣቻት። ያን ሁሉ ያደረገችው ልትጠብቃቸው ብላ ነው። ቀኑ ሲመጣ ግን የከለከለችውን ነገር ራሷ፣ በሰከንዶች ውስጥ፣ ሙሉ አውሮፕላን በሚሸፍን መጠን ጠየቀች።

ደግሞም ታውቀዋለች። ማታ ዋሻ ውስጥ እሳት አንድደው ሲቀመጡ ቫዮሌት ይቅርታ ልትጠይቅ ትጀምራለች። እናትየዋ ታስቆማታለች፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ በድንገት ያን ያህል መጠየቄ ልክ አልነበረም ትላታለች። ቀጥላም ከዚህ በኋላ ራስሽን የምትጠራጠሪበት ጊዜ የለንም ትላታለች። ለሁለቱም ጭምብል ሰጥታ፣ እነዚህ ሰዎች ልጆች ናችሁ ብለው እንደማይራሩላቸው በግልጽ ትነግራቸዋለች። በልጆች ፊልም ውስጥ አንዲት እናት ልጇን እንዲህ በእኩል ስታናግር ያየሁት ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቫዮሌት ፀጉር አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም። ፒክሳር እስከዚያ ድረስ የታወቀው በመጫወቻዎች፣ በነፍሳት፣ በጭራቆችና በዓሣዎች ነበር። ተዋንያኑ በሙሉ ሰዎች የሆኑበት የመጀመሪያ ፊልሙ ይህ ነው። ሰው ሲሆን ቆዳው፣ ጡንቻው፣ ልብሱ ሁሉ ችግር ነው፤ ከሁሉ የከበዳቸው ግን ረጅም ፀጉር ነበር። ቀላሉ መንገድ ፀጉሯን ማሳጠር ነበር። ግን ልጅቷ የምትደበቀው በፀጉሯ ነው፤ ግማሽ ፊቷን ሸፍና አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። ፀጉሩ ከቀረ ዓይን አፋርነቷ በምን ይታያል? ስለዚህ ታገሉት። ፊልሙ ሲያልቅ ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ፊቷ ተገልጦ፣ የምትወደውን ልጅ ቀና ብላ ስታነጋግር የምናየው ያ ልፋት ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን እንሂድ፤ ብዙ ተመልካች «አለቀ» ብሎ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሮቦቱ ተሸንፏል፣ ቤተሰቡ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ሲንድሮም ግን ሕፃኑን ጃክ ጃክን ይዞ ወደ ሰማይ ወደሚጠብቀው ጄቱ ይወጣል። ሕፃኑ በእጁ ላይ እሳት ሆነ፣ ብረት ሆነ፣ ጭራቅ ሆነ፤ ሰውየው ለቀቀው። ቦብ ሚስቱን ወደ ላይ ይወረውራታል፤ ሕፃኑን አየር ላይ ትቀልበዋለች፤ እንደገና ፓራሹት ትሆናለች። ከዚያ የሲንድሮም ካባ በጄቱ ሞተር ይጠለፋል። ስለ ካባ ቀድመን ሰምተናል፤ ልብስ ሰፊዋ ኤድና ሞድ፣ ድምፅዋን ራሱ ብራድ በርድ የሰጣት ያቺ አጭር ሴት፣ በካባቸው ምክንያት የሞቱ ጀግኖችን እየዘረዘረች ካባ አልሰፋም ያለችው ለሳቅ ብቻ መስሎን ነበር። ጄቱ ይፈነዳል፣ ስብርባሪው እየነደደ ቤተሰቡ ላይ ይወርዳል። ጭሱ ሲገለጥ ሁሉም ደህና ናቸው። ቫዮሌት ጋሻዋን ዘርግታለች፤ አባቷን፣ እናቷን፣ ወንድሞቿን ይዟል።

አስተውሉ። አውሮፕላን፣ ፍንዳታ፣ ፓራሹት፣ ጋሻ፤ የመጀመሪያው ትዕይንት ዕቃ በሙሉ ተመልሶ መጥቷል። ያኔ ያቃታት አሁን ሆነላት። ቦብ በዚያ ሁሉ ጉልበቱ ቤተሰቡን ከዚያ እሳት አላዳነም፤ ያዳነቻቸው ልጅቷ ናት። ማንም ንግግር አያደርግም፤ እናትየዋ ዞር ብላ ጎበዝ ትላታለች፣ በቃ።

ስለዚህ ፊልሙን ለሚያሰራጩና ለሚያሳዩ ሰዎች ቅሬታ አለኝ። አንደኛው የተተረጐመ ቅጂ ነው። አንድ ጊዜ ያየሁት ቅጂ ላይ ተራኪው አውሮፕላኑ ውስጥ እናትየዋ ስትለምን ከላይዋ ቀልድ ያወራባታል። ወንድሜ፣ ሌላ ቦታ ቀልድ፤ ፊልሙ ብዙ ሳቅ አለው። እዚያ ግን ዝም በል። ሄለንን ሆና የምትናገረው የሆሊ ሀንተር ድምፅ ቋንቋውን ለማያውቅ እንኳ ሁሉን ይነግራል፤ ጎረቤቴ ምስክሬ ናቸው። ሁለተኛው ሜሞሪ እንዳይሞላ ተብሎ እስኪደበዝዝ የተጨመቀ ቅጂ ነው፤ የዋሻው ትዕይንት ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ የፊታቸው ነገር ሁሉ ይጠፋል። ሦስተኛው መጀመሪያውን ማሳለፍ ነው። የመግቢያው ቃለ መጠይቅና የክሱ ታሪክ ከተዘለለ፣ ራሱን ሊያጠፋ ሲል ያዳኑት ሰው ለምን አዳንከኝ ብሎ መክሰሱ ካልታየ፣ ቤተሰቡ ለምን እንደሚደበቅ አይገባም። ሁሉም ነገር ድብድብ ብቻ ይመስላል።

በአገራችንም ልዕለ ኃይል ለልጃገረድ የሰጠ ሥራ አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ከሰጠን ቤት፣ እነ ብሩክታዊት ጥጋቡ «ጥበብ ገርልስ» የተባለ አኒሜሽን አውጥተዋል። ሦስት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ሴት ልጅን የሚጎዱ ልማዶችን በልዕለ ኃይላቸው ይጋፈጣሉ። «ዘ ኢንክሬዲብልስ»ን ያየች ልጅ ቀጥላ ይህን ብታይ ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ የሚለብሱት ጥለት የምታውቀው ነው።

ማየት ለምትፈልጉ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዋናው ፊልም፣ ቀጥሎ «ጃክ ጃክ አታክ» የተባለችው አጭር ፊልም ትታይ፤ ቤተሰቡ ደሴት ላይ ሳለ ሕፃኑን የምትጠብቀው ልጅ ምን እንደደረሰባት የምታሳየው እሷ ናት። ሁለተኛው ክፍል በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። እናትየዋ ሥራ ትይዛለች፣ አባትየው ቤት ይውላል፤ ጃክ ጃክ ግቢ ውስጥ ከአንድ ለማዳ ያልሆነ እንስሳ ጋር የሚያደርገው ጠብ ብቻውን ፊልሙን ለማየት ይበቃል። እንደ መጀመሪያው አልሆነልኝም፤ ቫዮሌት እዚያ ውስጥ የሚገባትን ቦታ አላገኘችም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ያለባቸው ትዕይንቶች አሉ፤ ፊልሙ ሲወጣ ሲኒማ ቤቶች ማስጠንቀቂያ ለጥፈውበታል። ቤታችሁ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ክፈቱለት።