በዩታ በረሓ የቆሙ የድንጋይ ቅስቶች

በአሜሪካ በዩታ ግዛት አርችስ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ የሰው እጅ ያላነጻቸው ከ2,000 የሚበልጡ የድንጋይ ቅስቶች ይገኛሉ። «የሰይጣን አትክልት ቦታ» በሚባለው ክፍል ዞሮ ወደ ተነሣበት የሚመለስ፥ ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የእግር መንገድ አለ፤ በቀትር የሄደበት ሁሉ ለስሙ ምክንያት አያጣለትም።

ቅስቶቹ እንዴት ተሠሩ ቢሉ፥ ነገሩ ከጨው ይጀምራል። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ያህል በፊት በዚያ የነበረ ባሕር ሲደርቅ ወፍራም የጨው ንጣፍ ትቶ ሄደ። ጨው ከባድ ሸክም ሲጫነው እንደ ሊጥ ይሸሻልና፥ በላዩ የተከመረውን የአሸዋ ድንጋይ ከሥር እየገፋ ሰነጣጠቀው። በስንጥቁ የገባው ውኃ በብርድ ወራት በረዶ እየሆነ ድንጋዩን ፈለጠው፤ ቀጥ ብለው የቀሩት ግድግዳዎችም መካከላቸው ሲቦረቦር ቅስት ሆኑ።

ሥራው ግን አላለቀም። ላንድስኬፕ የተባለው ቅስት ከጫፍ እስከ ጫፍ 88 ሜትር ሲሆን፥ የቀጭኑ ወገቡ ውፍረት 2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. 18 ሜትር የሚያህል ገበታ ተገንጥሎ ወደቀ፤ በሥሩ የነበሩት መንገደኞች የዳኑት የመሰንጠቁን ድምፅ ሰምተው በመሸሻቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በሥሩ ማለፍ ተከልክሏል።

ስለዚህ ዕድል ገጥሞዎት ቢሄዱ ከአጥሩ አይለፉ። በመንገዱ ላይ የሚጠጣ ውኃ የለምና ለቀኑ 4 ሊትር ይያዙ። በስተኋላ ባለው አስቸጋሪ ክፍል አቅጣጫ የሚያመለክቱት የተቆለሉ ትናንሽ ድንጋዮች ናቸው፤ አንዱን ቁልል ሳያዩ ሌላውን አይልቀቁ።