የኢንዶኔዥያ ወጣቶችና ሰልባጅ፦ እገዳው ለምን አልሠራም?

በጃካርታ መሀል በሚገኘው የፓሳር ሰነን ገበያ ቦንዳ ሲፈታ የጃፓን ጃኬት፣ የኮሪያ ሹራብ፣ የአሜሪካ ጂንስ ይዘረገፋል። እኛ ሰልባጅ የምንለው ነው። ድሮ የድሃ ልብስ ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን ሌላ ሰው ላይ የማይገኝ ልብስ በርካሽ ፈልፍሎ ማግኘት ለከተማው ወጣት ኩራት ነው። ብዙዎቹም አጥበውና ተኩሰው በኢንስታግራምና በቲክቶክ በቀጥታ ሥርጭት ይቸረችሩታል።

ሰልባጅ ማስገባት ግን ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የንግድ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አዲስ መሆን አለበት ይላል፤ የ2015ቱ የሚኒስትር ደንብ ደግሞ አሮጌ ልብስን በስም ጠቅሶ አገደ። በመጋቢት 2023 ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ ንግዱ የአገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅን እየጎዳ ነው ካሉ በኋላ፣ ባለሥልጣናት በካሜራ ፊት ቦንዳ አቃጠሉ።

የፋብሪካው ሠራተኛ ሥጋት እውነተኛ ነው። በሱኮሃርጆ የነበረው ግዙፉ ስሪቴክስ በመጋቢት 2025 ሲዘጋ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ሥራ አጥተዋል። ፍርድ ቤት መክሰሩን ያወጀው ግን ዕዳውን መክፈል ስላቃተው ነው። ጥፋቱን ሁሉ በሰልባጅ ገዢው ወጣት ላይ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ዕቃው የሚገባው በአብዛኛው ከማሌዥያና ከሲንጋፖር በኩል፣ በሱማትራ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሉ ትናንሽ ወደቦች ነው። ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች ባሉት አገር ይህን መቆጣጠር ከባድ ነው። የሮይተርስ ጋዜጠኞች በ11 ጥንድ ጫማዎች ውስጥ መከታተያ ደብቀው፣ ተፈጭተው ለመሮጫና ለመጫወቻ ሜዳ ንጣፍ ይውላሉ ተብሎ በሲንጋፖር ለሚሰበሰብ ልገሳ ሰጡ። አስሩ ጥንድ ኢንዶኔዥያ ገባ።

ቦንዳ ሲቃጠል የሚከስረው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ቀድሞ የከፈለው ቸርቻሪ ነው፤ አስመጪው ሌላ ቦንዳ ያስገባል። በጥቅምት 2025 የገንዘብ ሚኒስትሩ ፑርባያ ዩዲ ሳደዋ መንግሥት ዕቃ ለማስወገድና እስረኛ ለመቀለብ ከማውጣት በቀር ያገኘው ነገር እንደሌለ ገልጸው፣ አስመጪዎች በገንዘብ እንደሚቀጡና ዳግም እንዳያስመጡ እንደሚታገዱ ተናገሩ። ቅጣቱ ማረፍ ያለበትም አስመጪው ላይ ነው እላለሁ። በቀጣዩ ወር ነጋዴዎች ግብር እንክፈልና ሕጋዊ እንሁን ብለው ለምክር ቤት አቤት አሉ። ሚኒስትሩ ግብር ተከፈለም አልተከፈለ በሕገወጥ መንገድ የገባ ዕቃ ሕገወጥ ነው ብለው ጥያቄውን አልተቀበሉትም።