ከአልጋው በላይ የሚሰቀለው ጠርሙስ

«ሐኪሙ ማነው? ሌንሱ የየት አገር ነው? ስንት ያስከፍላል?» እናቱን የዓይን ሞራ ሊያስገፍፍ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀን ይህንን ነው። ከአልጋው በላይ ስለሚሰቀለው ጠርሙስ የጠየቀኝ የለም። የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝና ሳልጠየቅ ልናገር።

ሞራው ሲወጣ ዓይን ውስጥ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይገባል። ዓይኑ እንዳይረግብ ይይዘዋል፣ የሞራውንም ቅሪት ያጥባል። ሐኪሙ ሲምኮ የምንለውን ባለሁለት ቱቦ መርፌ እንደያዘ «ሲስተር፣ ከፍ አድርጊው» ይላል፤ ግፊቱን የሚወስነው የጠርሙሱ ከፍታ ነውና። ከመስቀሌ በፊት ጠርሙሱን ወደ መብራት አንስቼ ብናኝ እንዳይኖርበት አያለሁ፤ ቀኑን አነባለሁ።

ዋናው ነገር ግን ይዘቱ ነው። ኖርማል ሳላይን ጨውና ውሃ ብቻ ነው፤ ካልሲየም የለውም፣ አሲድነቱን የሚያመጣጥንለትም የለም። ሪንገር ላክቴት ካልሲየምና ፖታሲየም ስላለው ይሻላል፤ ርካሽም ስለሆነ አቅም ባነሰበት ሁሉ ይሠራበታል። ለዓይን ተብሎ የተቀመመው ቢኤስኤስ ነው። ቢኤስኤስ ፕላስ ደግሞ ባይካርቦኔት፣ ግሉኮስና ግሉታታዮን አለው፤ ከሁለት ዕቃ ይቀላቀላል፣ ከተቀላቀለ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራበት ይደፋል።

ሁላችንም የምንሠጋው ለብሌን ነው፤ የውስጥ ሽፋኑ ሴሎች ከሞቱ አይተኩምና። ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ረቲና፣ ግን ይረሳል። የሌንሱ የኋላ ስስ ሽፋን እስካልተቀደደ ድረስ ፈሳሹ ወደዚያ እምብዛም አይዘልቅም። ሲቀደድ ግን መንገዱ ይከፈታል። በጥንቸል ረቲና ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ለብርሃን ብልጭታ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሞገድ በሳላይን ውስጥ ሲዳከም፣ ባይካርቦኔትና ግሉኮስ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ግን በተሻለ ሁኔታ ቆይቷል። ረቲና ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ የሚመገበውን ያጣ እንደሆነ ቶሎ ይደክማል።

አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ባለው አለርት ሆስፒታል ይህ ነገር የበለጠ ይከብዳል። ሆስፒታሉ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ደዌው የነካው ዓይን ብሌኑ ሊደነዝዝ፣ ውስጡም ሊቆጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ዓይን ተጨማሪ ጉዳት የሚችልበት አቅም የለውም።

ሪንገር ብቻ ስላለ ሥራ ይቁም አልልም። በ1998ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነበር። በጥሩ እጅ በሪንገር ታጥቦ ያየ ብዙ ነው። የምለምነው ግን፣ ሌንስ የምትገዙና ለዘመቻ ዕቃ የምትለግሱ ሁሉ፣ ፈሳሹን በዚያው ዝርዝር ላይ ጻፉት፤ ሽፋኑ ለተቀደደበት ዓይን የሚሆን ባይካርቦኔትና ግሉኮስ ያለው ጥቂት ጠርሙስም አይጥፋ።