ከአደፍርስና ከአሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ፦ በዳኛቸው ወርቁ ሁለት ልብወለዶች ላይ የሚነሣው የአንባብያን ክርክር

አንድን ደራሲ የሚወዱ አንባብያን ሲገናኙ ከሥራዎቹ የትኛው እንደሚበልጥና የትኛው እንደሚያንስ መከራከራቸው የተለመደ ነው። በአስፈሪ ልብወለዶቹ የታወቀው አሜሪካዊ ስቲቨን ኪንግ ከስልሳ በላይ ልብወለዶች ስላሉት አድናቂዎቹ ደረጃ ሲያወጡ ጨርሰው አይጨርሱም፤ ደራሲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመውን «ዘ ቶሚኖከርስ» መጥፎ መጽሐፍ ብሎታልና ከዝርዝሩ ግርጌ የሚያስቀምጡት ሁሉ ብርቱ ምስክር አግኝተዋል። የደብረ ሲናው ተወላጅ ዳኛቸው ወርቁ ግን ያሳተማቸው ልብወለዶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱን የሚያስበልጥ አንባቢ ሌላውን፣ ስሙን እንኳ ሳያነሣ፣ የመጨረሻ ያደርገዋል። በዚህም የተነሣ ክርክሩ ደረጃ ከማውጣት ይልቅ ወገን ወደ መለየት ያደላል።

«አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ታሪኩ የሚካሄደው ከጣርማ በር ቁልቁለት ግርጌ፣ በደብረ ሲና አካባቢ ነው። ባለታሪኩ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ለአገልግሎት ወደ ገጠር የመጣ ወጣት ሲሆን፣ ስሙ ራሱ የረጋውን አናውጥ የሚል ትእዛዝ ነው። ከባለርስቷ ከወይዘሮ አሰጋሽና በዙሪያቸው ካሉት ሰዎች ጋር ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ርስት፣ ስለ ልማድና ስለ ትምህርት ይነጋገራል፤ ይሟገታል። መጽሐፉን የማይወዱ አንባብያን ቅሬታ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ወሬ በወሬ ላይ ይደራረባል፤ ድርጊቱ ይዘገያል፤ ተረትና ምሳሌው ይበዛል፤ የመልክዓ ምድሩ ገለጻ ገጽ ይሞላል፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ የሚጠፋበትም ቦታ አለ።

ቅሬታው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁንና ችግሩ የቃላት ክብደት ብቻ ነው ተብሎ ሲነገር ነገሩ ይሳሳታል። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የገጠር አነጋገርና የቤተ ክህነት ቃል ሞልቷል፤ ቢሆንም ማንም አንባቢ መንገድ አይጠፋበትም። ምክንያቱ ተራኪው ነው። የሐዲስ ተራኪ አንባቢውን እጁን ይዞ ይመራል፤ ማን ደግ፣ ማን ግፈኛ፣ ማን የሚያሳዝን እንደ ሆነ ያመለክታል። የዳኛቸው ተራኪ ሰዎቹን ያናግርና ዘወር ይላል። ሽማግሌው በምሳሌያዊ አነጋገር ይናገራል፤ ተማሪው በትምህርት ቤት ቋንቋ ይመልሳል፤ ሁለቱም አማርኛ እየተናገሩ አይግባቡም። አለመግባባቱን የሚፈታ ሦስተኛ ድምፅ የለም። አድናቂዎቹ «አደፍርስ» ይበልጣል የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተቺዎቹ እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አለመግባባት ለእነርሱ ዋናው ታሪክ ነው። በዚህ ነጥብ አድናቂዎቹ የተሻለ ማስረጃ አላቸው፤ ያም ሆኖ ከገለጻዎቹ አንዳንዶቹ ቢያጥሩ መጽሐፉ የሚጎዳ አይመስልም።

ሌላም ልዩነት አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ መጽሐፉን ገዝቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። «አደፍርስ» እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም፤ በጆሮ ሊሰማ የሚገባው የጭውውት መጽሐፍ በዝምታ ሲነበብ ኖረ።

ሁለተኛው ልብወለድ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»፣ በአማርኛ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት በእንግሊዝኛ ወጣ። ዳኛቸው በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የድርሰት ትምህርት የተከታተለ ደራሲ ስለ ሆነ በባዕድ ቋንቋ መጻፉ ድንገተኛ ነገር አይደለም። ታሪኩ የታመሙት ፊታውራሪ ወልዱ ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ ሲወሰዱ ልጃቸው ጎይቶምና ሴት ልጃቸው ወይኒቱ አብረው የሚያደርጉት ጉዞ ነው። ከኢትዮጵያውያን ልብወለዶች መካከል ለአስፈሪ ድርሰት የሚቀርብ ይፈለግ ቢባል ይህኛው ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። አንባቢን የሚያስፈራው ግን ጭራቅ ወይም መንፈስ አይደለም፤ የሚበሰብስ ሰውነት፣ የሚጨልም ጎጆ፣ በተስፋና በልመና የተጨናነቀ ተራራ፣ በአባቱ ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ሐዘንና ጥላቻ የተቀላቀሉበት ልጅ ነው። ርእሱም የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የሚለውን የቱሪዝም መፈክር በስላቅ ያስታውሳል።

ይህን መጽሐፍ የሚያስበልጡት አንባብያን እጥረቱንና ጥብቀቱን ያነሣሉ፤ አንድ መንገድ፣ አንድ በሽተኛ፣ አንድ ተራራ። የሚያንሱት ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ በአማርኛ አስበው በእንግሊዝኛ እንደሚናገሩ፣ የምሳሌያዊ አነጋገራቸው ምትም በትርጉም እንደሚጠፋ ይገልጻሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሆኖም የክርክሩ ያልተነገረ ገጽታ እዚህ ላይ ይታያል። የውጭ አገር አንባቢ ዳኛቸውን የሚያውቀው በእንግሊዝኛው ነው፤ «አደፍርስ»ን ሊያነበው አይችልም። ከአማርኛ አንባብያን ብዙዎቹ ደግሞ እንግሊዝኛውን በስም ብቻ ያውቁታል። እንግዲህ «ያንሳል» የሚባለው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ያልተነበበው መጽሐፍ ነው። የድርሰት ሙያን ለጀማሪዎች ለማስረዳት «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን የጻፈ ሰው ለአንባቢ አላሰበም ተብሎ መወቀሱም በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው።

ለሰሜን ሸዋ ተመራማሪ ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። «አደፍርስ» ከባድ ነው የሚለው ፍርድ በአብዛኛው የከተማ አንባቢ ፍርድ ነው። መጽሐፉ የተቀዳበት አነጋገር ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ባለው አገር በሽማግሌዎች አንደበት የኖረ ነው። ለከተማ አንባቢ እንግዳ የሚመስለው የትኛው ቃል የአካባቢው የዘወትር ንግግር እንደ ሆነ፣ የትኛውስ ዳኛቸው ራሱ የፈጠረው እንደ ሆነ ለመለየት ከጭውውቶቹ የተመረጡትን ለእነዚህ ሰዎች ጮክ ብሎ ማንበብና መልሳቸውን መመዝገብ ያስፈልጋል። በ1962 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው የደብረ ሲና ሰው ዛሬ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ነው።