ስልክን ከቴሌስኮፕ ጋር የሚያገናኝ መያዣ በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ጨረቃን በቴሌስኮፕ ተመልክቶ በስልኩ ፎቶ ለማንሣት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በዓይን ጥርት ብሎ የታየው የጨረቃ ገጽ በስልኩ ላይ ግማሹ ይጠቁራል፤ ወይም ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው የካሜራው ጥራት ሳይሆን የእጅ መንቀጥቀጥ ነው።

ለጀማሪዎች የሚሸጥ፣ የፊት ሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ የትኩረት ርቀቱም 700 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ እንውሰድ። ዓይን በሚደረግበት በኩል የ25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢገባበት 28 እጥፍ ያጎላል። ሰባው ሚሊ ሜትር ለ28 ሲካፈል 2.5 ይሆናል፤ ከቴሌስኮፑ የሚወጣው ብርሃን የሚያልፍበት ክብ ስፋቱ ይህችው ናት። የስልኩ ሌንስ በ2 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ቢል አብዛኛው ብርሃን ያመልጠዋል። ውድም ሆነ ርካሽ፣ የማንኛውም መያዣ ሥራ ስልኩን ከዚህች ክብ ትይዩ አጽንቶ መያዝ ነው።

ለዚህም ለስልኩ ልክ የሆነ ጠንካራ የፕላስቲክ ከቨርና የውሃ ቱቦ ቁራጭ ይበቃሉ። ወደ ቴሌስኮፑ የሚገባው የዓይን ሌንሱ ክፍል በአብዛኛው 31.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቱቦው የሚለካው ግን ውጭ በሚቀረው ክፍል ነው፤ እሱም እንደ አምራቹ ይለያያል። ቱቦው ጥቂት ሰፋ ካለ ውስጡን በቀጭን ጨርቅ ማልበስ ይቻላል። ርዝመቱን በግምት መቁረጥ አይገባም። ቀን ላይ ቴሌስኮፑን ከፀሐይ ርቆ ወዳለ ዛፍ አዙሮ፣ ስልኩን ቀስ እያሉ ማራቅና ማቅረብ፣ ምስሉ በሰፊው በሞላበት ቦታ መለካት ነው። ቱቦው በሙጫ የሚጣበቀውም ምስሉ መሐል መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በርካታ ካሜራ ያላቸው ስልኮች በራሳቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚዘሉ ዋናውን ካሜራ መምረጥ ያሻል። ስልኩን በጣት ከመንካት ይልቅ ሰዓት ቆጣሪውን መጠቀም ይመረጣል።

ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ ያለው ሰው የካሜራውን አፍ መክደኛ በስቶ ቱቦ ሊያጣብቅበት ይችላል። ሆኖም በመስታወት የሚሠሩ አንዳንድ ቴሌስኮፖች በዚህ መንገድ ትኩረት አይዙም። ለጀማሪ ስልኩ ይሻላል።

ፀሐይን ማንሣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ኦገስት 2 ቀን 2027፣ የሙሉ ፀሐይ ግርዶሽ ጥላ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፎ የሶማሊያን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ይነካል። በሉክሶር ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። በቴሌስኮፕ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ዓይንን በቅጽበት ያሳውራል፤ የስልክን ካሜራም ያቃጥላል። ለፀሐይ የተሠራው ማጣሪያ መታሰር ያለበት በቴሌስኮፑ ፊት ላይ እንጂ በዓይን ሌንሱ በኩል አይደለም፤ እዚያ ያለው ሙቀት ይሰነጥቀዋል። በኢትዮጵያ ግርዶሹ ከፊል በመሆኑ ማጣሪያው ለአፍታም አይነሣም። ከጎን ያለችው ትንሿ ማነጣጠሪያም መከደን አለባት፤ ልጆች ቀድመው የሚያዩት በእርሷ ነውና።