አስመራ፦ ለጦርነት በጥድፊያ የተገነባች ከተማ

የአስመራን ታሪክ ባጭሩ ማወቅ የፈለገ ሰው የዋና ጎዳናዋን ስሞች ይቁጠር። በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቪያሌ ሙሶሊኒ ይባል ነበር። ዱቼው ሲወድቅ ኮርሶ ኢታሊያ ተባለ። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ሆነ፤ ደርግ መጣና ናሽናል አቬኑ አለው፤ ከ1991 ወዲህ ሓርነት ጎዳና ነው። ነዋሪው ግን ኮምቢሽታቶ ማለቱን አልተወም፤ ጣሊያኖች ለራሳቸው ከልለው ከያዙት ሰፈር የቀረ ስም ነው። መንግሥታቱ ሰሌዳ ሲነቅሉና ሲተክሉ ዘንባባዎቹና በግራ በቀኝ የተደረደሩት ሕንፃዎች ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ጎብኚን ወደ አስመራ የሚስበው ይኸው ነው።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ደጋው ወደ ቀይ ባሕር ቁልቁል ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው ተቀምጣለች። ምጽዋ በሐሩር ስትነድ አስመራ ላይ ሹራብ ይለበሳል። ጣሊያኖች ከመምጣታቸው በፊት አራት መንደሮች የተጣመሩባት ሥፍራ ነበረች፤ ራስ አሉላ አባ ነጋ በ1880ዎቹ መረብ ምላሽን፣ ማለትም ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለውን አገር፣ ያስተዳድሩ የነበረው ከዚሁ ሆነው ነው። የጣሊያን ጦር በ1889 ገባ። ቅኝ ገዥዎቹ መጀመሪያ የከተሙት ምጽዋ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲላቸው በገዥው በፌርዲናንዶ ማርቲኒ ዘመን ዋና ከተማቸውን ወደ ደጋው አወጡት። ከምጽዋ የተነሣው ሐዲድ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠማዝዞ፣ ተራራውን እየበሳ፣ አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። በዚሁ ሐዲድ ይመላለስ የነበረው ባለ ሞተር ፉርጎ፣ ሊቶሪና፣ ስሙ ሲነሣ የሰሙ አዛውንት ዛሬም ዓይናቸው ይበራል።

እስከ 1935 ድረስ ግን አስመራ አራት ሺህ ያህል ጣሊያኖች የሚኖሩባት ጸጥ ያለች ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ የሆነው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የባዕድ ታሪክ አይደለም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲነሣ የስንቅና የትጥቅ ማዕከል ያደረገው አስመራን ነው። ወታደሩ፣ ካሚዮኑ፣ ሲሚንቶው በምጽዋ በኩል ጎረፈ። ባቡሩ አልበቃ አለና በ1937 ከምጽዋ እስከ አስመራ 72 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ ቴሌፈሪካ (ዕቃ በአየር ላይ የሚጓጓዝበት የሽቦ ገመድ) ተዘረጋ፤ በዘመኑ በዓለም ረጅሙ ነበር። በ1939 ከ98 ሺህ ያህል ነዋሪዎች 53 ሺህ ያህሉ ጣሊያኖች ሆኑ። በማይጨው የዘነበው ቦምብና በሓርነት ጎዳና የምናደንቀው የሲኒማ ቤት ግንባር የአንድ በጀት ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ይህ ጥድፊያ ለአርክቴክቶች ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ቤት፣ ባንክ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ሲኒማ ሁሉም በአንዴ ይፈለጋል፤ ከሮም ርቆ አዲስ ነገር ለሚሞክር ደግሞ ከልካዩ ጥቂት ነው። የዚህ ሁሉ ቁንጮ ፊያት ታልዬሮ ነው። ጁሴፔ ፔታሲ የተባለው መሐንዲስ በ1938 ያቆመው ይህ ማደያ አውሮፕላን መስሎ ተሠርቷል፤ መሐሉ ላይ ኮክፒት የመሰለ ማማ፣ በግራና በቀኝ አንዳንዳቸው 15 ሜትር ያህል የሚረዝሙ የኮንክሪት ክንፎች። ክንፎቹ ሥር አንድም ምሰሶ የለም። የከተማው ባለሥልጣናት ያለ ድጋፍ አይቆምም ብለው ምሰሶ አስገድደውት ነበር፤ በምረቃው ዕለት ግን ፔታሲ በኮንትራክተሩ ላይ ሽጉጥ ደግኖ ምሰሶዎቹን አስነቀለ ይባላል። የሽጉጡ ነገር ሲነገር የዳበረ ወሬ ሊሆን ይችላል። ክንፎቹ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ፣ ጦርነት መጥቶ ጦርነት ሲሄድ፣ እንደተዘረጉ አሉ።

ሲኒማ ኢምፔሮ (1937) ሓርነት ጎዳና ላይ ነው፤ ቀይ ግንባሩ ላይ ክብ ክብ መብራቶች ከላይ እስከ ታች ተሰድረዋል፤ ማታ ሲበሩ ቢያዩት ይመረጣል። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ በ1923 የተሠራው የካቶሊክ ካቴድራል አለ። የኹለፋእ አል ራሺዲን ታላቁ መስጊድ ሚናራው የሮማውያንን ዓምድ ይመስላል። እንዳ ማርያም በ1938 እንደገና ስትሠራ ዘመናዊው አሠራር ከአገሬው የድንጋይና የእንጨት ግንብ ጋር ተቀላቅሎባታል፤ ለእኔ ከአራቱ የአምልኮ ቤቶች የምትበልጠው እሷ ናት። አራተኛው የ1906ቱ ምኩራብ ነው። ሁሉም በእግር ይደረስባቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ አስጎብኚ ዝም ይላል። ከተማዋ የተነደፈችው በዘር ተከፋፍላ ነው። ክፍፍሉ ከፋሺስቶች በፊት የጀመረ ቢሆንም እነሱ ሕግ አድርገው አከረሩት፤ ከ1937 ጀምሮ ከአገሬው ሴት ጋር በትዳር መልክ የኖረ ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችል ነበር። ድንጋዩን የፈለጠው፣ ሲሚንቶውን ያቦካው ኤርትራዊ ግን ቤቱ ከኮምቢሽታቶ ውጭ፣ መንገድና ውኃ በወጉ ባልደረሰው በአባ ሻውል ነበር። አባ ሻውልን ያላየ ጎብኚ ከተማዋን በግማሽ ነው ያያት። መደበርም አይዘለል፤ በአሮጌው የነጋድያን ማረፊያ ግቢ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ባልዲ ይሆናል፣ በአንዱ ጥግ በርበሬ ይፈጫል፣ መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። አስመራ ላይ የሚጣል ነገር እንደሌለ የሚገባው እዚህ ነው።

ሕንፃዎቹስ እንዴት ተረፉ? እንግሊዞች በ1941 ሲገቡ በከተማው ውስጥ ውጊያ አልተደረገም፤ ቴሌፈሪካውን ግን ኋላ ነቃቅለው ወሰዱት። ኤርትራ ለነጻነት ባደረገችው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ማብቂያም ወሳኙ ፍልሚያ ደቀምሓረ ግንባር ላይ ተደርጎ ሻዕቢያ በግንቦት 1991 ያልፈረሰች ከተማ ተረከበ። ከዚያ በኋላ የገንዘብ እጥረቱም ረዳ ማለት ይቻላል፤ አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው መስታወት በመስታወት ፎቅ እዚያ አልደረሰም። በ2001 በታሪካዊው መሐል ከተማ አዲስ ግንባታ ታገደ፤ በ2017 ዩኔስኮ አስመራን በዓለም ቅርስነት መዘገባት፤ ለኤርትራ የመጀመሪያዋ ነበረች። በብዙዎቹ ሕንፃዎች ላይ ቀለሙ ተላልጧል፤ እድሳት የሚሹት ደግሞ ከታደሱት ይበዛሉ።

የከተማዋ ለዛ ያለው ግን አመሻሹ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሽማግሌው ኮቱን ለብሶ፣ ወጣቱ ተጣምሮ፣ ሓርነት ጎዳናን ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳል፤ የሚቸኩል የለም። ማኪያቶ ይታዘዛል፣ ፓስቲ ይበላል። ብስክሌቱ ብዙ ነው፤ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፦ በ2024 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የሦስት ቀን ፉክክሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ የለበሰው ቢኒያም ግርማይ የዚህች ከተማ ልጅ ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ጠዋት ከመደበር ይጀምር፣ አባ ሻውልን አልፎ ወደ እንዳ ማርያም ይውረድ፣ ፊያት ታልዬሮን ለመጨረሻ ያቆየው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሲታዩ ክንፎቹ ማን እንደተሸከማቸው ይታወቃል። የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ ከሃያ ዓመት በኋላ በ2018 ተከፍቶ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2024 ዳግም አቋርጦታልና ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መንገዱን አጣሩ። የባንክ ካርድ ብዙ አይረባም፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ምጽዋን ወይም ከረንን ማየት ካማራችሁም ከከተማ መውጫ ፈቃዱን በጊዜ አውጡ።